ሜዳ ያልረገጠ ማርክ

ልጄ ባለፈው ዓመት፣ በመጀመሪያው ሴሚስተር፣ በስፖርት ትምህርት ከክፍሏ አንደኛ ወጣች። ሜዳውን ግን አንድም ቀን ረግጣው አታውቅም።

ይህን ሳወራ ሰው ይስቃል። መጀመሪያ እኔም ልስቅ ዳድቶኝ ነበር። ካርዷን ይዛ ስትመጣ ሂሳቡን አይቼ ተቆጣሁ፣ አማርኛውን አይቼ ደስ አለኝ፣ ስፖርት ላይ ስደርስ ግን ጣቴ እዚያው ቀረ። ልጄ ስትወለድ ቀኝ እግሯ ወደ ውስጥ የዞረ ነበር። በጨቅላነቷ ጀሶ ታስሮላት ትንሽ ተመልሷል፣ ጨርሶ ግን አልቀናም። ታነክሳለች። ታነክሳለች እንጂ ቁጭ አትልም። ገበያ ስንወጣ ከእኔ ቀድማ በሙዝ ሻጮቹ መሃል ሹልክ የምትለው እሷ ናት፤ ባጃጅ ከተጠጋን ሹፌሩን የምትሰድበውም እሷ ናት። አፏ የእኔ ነው።

«ይሄ ማርክ ከየት መጣ?» አልኳት።

«ቲቸር ነው የሰጠኝ።»

«ምን ሠርተሽ?»

«ልብስ ጠብቄ።»

ይህን የተናገረችው እንደ ቀላል ነገር ነበር። ጫማዋን አውልቃ ወደ ጓዳ ገባች፤ እኔ ካርዱን ይዤ ቀረሁ።

እኔ ሲቀላ በሚባል ሰፈር ልብስ ሰፊ ነኝ። መስከረም ሲጠባ የሰፈሩ ልጆች ዩኒፎርም አብዛኛው በእኔ እጅ ያልፋል። ሱቄ ከቤቴ ጋር የተያያዘ ነው፤ ትምህርት ቤቱም ከዚያ ሩቅ አይደለም። ሁለተኛው ሴሚስተር ሲከፈት፣ የስፖርት ክፍለ ጊዜያቸውን ጠብቄ፣ ሱቁን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ሄድኩና በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ።

ፀሐዩ አናት የሚበሳ ነበር። ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን አውልቀው፣ ከውስጥ በለበሱት ቱታና ቁምጣ አቧራውን ያቦኑታል። ሜዳው ዳር ካለው ማንጎ ሥር የሸሚዝ፣ የቦርሳና የጫማ ክምር አለ። ክምሩ አጠገብ ልጄ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ብቻዋን አልነበረችም። ዓይኑ ከቅርብ በቀር የማያይ ልጅ አለ። ሱሪ መልበስ በቤተሰቧ ዘንድ ኃጢአት ስለሆነ ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ሰብስባ የተቀመጠች ልጅም አለች። የክምሩ ኃላፊ ግን ልጄ ናት። አንዷ ከሜዳው እየሮጠች መጥታ ሸሚዟን ወረወረችላትና ተመለሰች። ልጄ ሸሚዙን አጥፋ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። አንገትጌውን ከሩቅ አወቅሁት፤ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ልጆቹ የሚጫወቱት መረብ ኳስ ነው። መረብ የለም፣ በሁለት እንጨት መሃል ገመድ ተወጥሯል። ኳሱ ወደ ላይ በተነሳ ቁጥር የልጄ ሁለት እጆች ከጭኗ ላይ ትንሽ ብድግ ይሉና ተመልሰው ይወርዳሉ። ለራሷ አልታወቃትም። እጆቿን ሳይ ደሜ ፈላ። የሚያውቁኝ ሰዎች ቶሎ ትናደጃለሽ፣ ቶሎም ይበርድልሻል ይሉኛል። የዚያን ቀኑ አልበረደልኝም።

የስፖርት መምህሩ ወጣት ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ሰላምታዬን በሁለት እጁ ተቀብሎ በማንጎው ጥላ አቆመኝ።

«እናት፣ እኔ እኮ አዝኜላት ነው» አለኝ። «አንድም ማርክ ቀንሼባት አላውቅም።»

«ማርክ ማን ለመነህ? ኳስ ስጣት።»

«ብትወድቅስ?»

«ሌሎቹ አይወድቁም?»

«ሌሎቹ ቢወድቁ ወደቁ ነው የሚባለው። እሷ ብትወድቅ መምህሩ ጣላት ይባላል።» ከዚያ ወደ ሜዳው እጁን ዘረጋ። «ደግሞ ይዩት፣ ለክፍሉ ሁሉ ያለችኝ ኳስ ይቺ ናት። እሷም በየሳምንቱ ትተነፍሳለች። ለጤነኞቹም አልበቃች።»

«ልጄ ታማ አታውቅም» ብዬው ሄድኩ። ስለ ኳሷ የተናገረው እውነት ነበር፤ ያቺን ኳስ አይቻታለሁ፣ ልጄ ከምትጠብቀው ጫማ ሁሉ የባሰች አሮጌ ናት። ኳስ ሲያንስ ግን መጀመሪያ የሚቀነሰው ማን እንደሆነ ማንም አልተማከረበትም። ሁሉም ያውቀዋል።

ዳይሬክተሩ ጋ ስገባ ሻይ እየጠጣ ነበር። ጨዋታ ያውቃል፤ የሚወደድ ሰው ነው። ነገሩን ከነገርኩት በኋላ በቢሮው ወዳሉት መምህራን ዞሮ «ሌላው ወላጅ ማርክ አነሰ ብሎ ይመጣል፣ ይቺ እህታችን በዛ ብላ መጣች» አላቸውና ሳቁ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አይዞሽ እህቴ፣ እኛም በጸሎት እናስባታለን» አለኝ።

«የምትጸልዩት ለእግሯ ነው ለኳሱ?» አልኩ።

ሳቁ ቆመ። ዳይሬክተሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያ በኋላ የተባባልነው የሚጻፍ አይደለም፤ አብዛኛውን ያልኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ሄድኩ። የተቀበለችኝ ባለሙያ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ አላቋረጠችኝም። መመሪያው እንዳለ ነገረችኝ። ማንም ተማሪ በአካል ጉዳትም ሆነ በሌላ ምክንያት ከስፖርት ክፍለ ጊዜ አይገለልም፤ መምህሩ ለእያንዳንዱ እንደ አቅሙ መልመጃ ማውጣት አለበት፤ ፈተናውም እንደዚያው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ተጽፎ መቀመጡን ስሰማ ደስ ይበለኝ ይክፋኝ አላወቅሁም። ማመልከቻ ጻፊ አለችኝ፣ ጻፍኩ። የሁለተኛው ሴሚስተር የተግባር ፈተና ቀን ራሷ ሜዳው ላይ እንደምትገኝ፣ ማንጎው ሥር የሚቀመጡት ልጆች ሁሉ እየተጠሩ ሲፈተኑ ሳታይ እንደማትመለስ ቃል ገባችልኝ።

ለልጄ ስነግራት የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ስሜን ይጠራል?»

የተግባር ፈተና ሲሆን መምህሩ እየጠራ ነው የሚያስገባው። ስም ሲጠራ ልጁ «አቤት» ብሎ መሃል ሜዳ ይቆማል፣ ክፍሉ ሁሉ ያየዋል፣ ኳሱን ይመታል፣ ይወጣል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ከእሷ በፊት ያለችውን ጠርቶ፣ ከእሷ በኋላ ያለውን ጠራ። እሷ «አቤት» ለማለት ተዘጋጅታ ነበር። ይህን የነገረችኝ ያን ዕለት ነው። ማርኩ፣ እግሩ፣ የልብሱ ጥበቃ አይደለም የከነከናት፤ ስሟ መዘለሉ ነው።

«ይጠራል» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ሌላ ሆነ። ከጨርቅ ቁርጥራጭ ኳስ ሰፋሁላት። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ከሱቄ ጀርባ ካለው ግድግዳ ጋር ትለጋለች፣ ጎረቤቴ ግድግዳው ሊፈርስ ነው እያለች ትጮሃለች፣ እኔ ደግሞ የስፌት መኪናዬን ጠንከር አድርጌ እረግጠዋለሁ፣ ጩኸቷ እንዳይሰማኝ። ቱታ ገዛሁላትና የቀኙን እግር አሳጥሬ አጠፍኩት። ለብሳው ከመስታወት ፊት ቆመች፣ ዞር አለች፣ ወደ እኔ ሳታይ «ቆንጆ ነው» አለች። በሥራዬ ምስጋና አግኝቼ እንደዚያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ለፋሲካ ወደ አባቴ ወጣን። አባቴ ተራራው ላይ፣ ኦቾሎ የሚኖር ሸማኔ ነው። ሸማ የሚሠራው በእጅ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ ተሳስቷል፤ ሸማኔ ጉድጓዱ ውስጥ እግሩን ከትቶ መርገጫዎቹን ካላፈራረቀ ክሩ አይከፈትም። ልጄ ልሞክር አለችው። አባቴ አላዘነላትም፣ አላመሰገናትምም። እግሯን አየት አደረገና የቀኙን መርገጫ ገመድ ፈትቶ አሳጥሮ አሰረው። ቁጭ በይ አላት። ክር ስትበጥስ ተቆጣት፣ ሁለተኛ ስትበጥስ በደንብ ተቆጣት። ልጄ እየሳቀች ትረግጣለች። በሩ ላይ ቆሜ ሳያቸው፣ እኔ የምፈልገው ይሄን ነው፣ ከዚህ ሌላ ምን ጠየቅሁ አልኩ በልቤ።

ማታ ስለ ማመልከቻው ነገርኩት። ጀግና ሆኜ ነበር ያወራሁት።

«ሰውየውን ከሰስሽው?»

«ክስ አይደለም አባ፣ ጥያቄ ነው።»

«ለመንግሥት ቤት የተጻፈ ነገር ክስ ነው» አለና ጋቢውን ተከናንቦ ተኛ።

ፈተናው ረቡዕ ሊሆን እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ በራችን ላይ ሽማግሌዎች ቆመው አገኘን። በእጃቸው እርጥብ ሳር ይዘዋል።

ለማያውቅ ልንገር። በእኛ በጋሞ ሽማግሌ እርጥብ ሳር ይዞ ከፊትህ ከተንበረከከ ነገሩ አለቀ። ደም የተቃባም ቢሆን ይመለሳል። ሳሩን አልፎ የሄደ ሰው ጎሜ ነካው ይባላል፤ ነውር ብቻ አይደለም፣ በከብት፣ በእርሻ፣ በልጅ ላይ የሚወርድ ነገር ነው። እኔ ሰንበት የማልቀር ክርስቲያን ነኝ፤ ጎሜ ምናምን አላምንም እላለሁ። ግን አንድ ጊዜ ወጣቱ ተቆጥቶ ዱላ ይዞ ከተማውን ሊያጠፋ ሲወጣ፣ እነዚህን የመሰሉ ሽማግሌዎች መንገድ ላይ ተንበርክከው በሳር ሲመልሱት በዓይኔ አይቻለሁ። ሱቄ በር ላይ ቆሜ አልቅሻለሁ፣ የዚህ አገር ልጅ በመሆኔ ኮርቼ። ያ ሳር የእኔን በር ያንኳኳል ብዬ አላሰብኩም።

«እናንተዬ፣ እኔ ከማንም አልተጣላሁም!» አልኩ።

«ካልተጣላሽ ማስታረቁ ይቀላል» አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። ቀልዳቸውን አልነበረም።

ዳይሬክተሩ የለም። መምህሩም የለም። ሽማግሌዎቹ ጠዋት ትምህርት ቤቱ ግቢ ተሰብስበው የእነሱን ነገር ሰምተው ነው የመጡት። ዳይሬክተሩ ማዘኑን፣ ስሙ ጽሕፈት ቤት መነሳቱ እንቅልፍ እንደነሳው፣ መምህሩ ገና ጎጆ ሊወጣ ያለ ልጅ እንደሆነና ከሥራው እንዳይነቀል መፍራቱን ነገሩኝ። ማንም ከሥራው ይነቀል አላልኩም አልኩ። ታዲያ ምን አደረጉሽ አሉኝ። ልጄን ሜዳ አላስገቡም አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ሰደቧት? አልሰደቧትም። መቷት? አልመቷትም። ማርክ ከለከሏት? አልከለከሏትም። የእኔ ነገር በዚያ በኩል አይገባም። እነሱ የሚያውቁት በዳይና ተበዳይ ነው። እኔ ያመጣሁት ደግሞ በደግነቱ የበደለ ሰው ነው፣ ለእሱ ዕርቅ እንጂ ፍርድ አልነበራቸውም።

እምቢ ልል ነበር። እውነቴን ነው፣ አፌ ላይ ነበር። ያኔ ከኋላ የቆመው ሰው ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ወደ ፊት መጣ። አባቴ ነው።

ኦቾሎ ድረስ ሄደው አምጥተውታል። እኔን አላየኝም፤ መሬቱን እያየ መጣና እግሬ ሥር ሳሩን ይዞ ተንበረከከ። የሸማኔ ጉልበት እንደ ልብ አይታጠፍም፣ ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ ያለፈ ነው፤ ሲወርድ አጥንቱ ሲንቋቋ ሰማሁት።

«ልጄ፣ ተይው» አለኝ በቋንቋችን። «ተይልኝ።»

«አባ፣ ተነስ። እባክህ ተነስ።»

«ሳሩን ተቀበዪ፣ እነሳለሁ።»

«አንተ እኮ ገመዱን አሳጥረህላታል!»

ምን እንዳልኩ የገባው አባቴ ብቻ ነው። ቀና ብሎ አየኝ። ዓይኑ እንባ አቅርሯል። «እሱ የእኔ ቤት ነው» አለኝ። «የሰው ቤት ላይ ገመድ አይፈታም።»

ሰፈሩ በር በሩን ወጥቶ ያየናል። አባቴ መሬት ላይ ነው። ልጄ ከኋላዬ ደረጃው ላይ ቆማለች፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ። ሳሩን ተቀበልኩ። ሽማግሌዎቹ መረቁ፤ እኔን፣ ቤቴን፣ ልጄን፣ የልጄን እግር። አባቴን ብብቱን ይዤ አነሳሁት። ቀለለኝ፤ እንዲህ መቅለሉን አላውቅም ነበር።

ምሳ በልተው ሲሄዱ ልጄ ሳሩን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ አገላብጣ አየችው።

«እማ፣ ይሄ የሜዳችን ሳር ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«ከማንጎው ፊት ለፊት ያለው ነው። ጫፉ ቀላ ይላል። ሁልጊዜ አየዋለሁ።»

መልሳ አስቀመጠችው። እኔም አልጣልኩትም፤ እንዲህ ያለ ሳር አይጣልም። እዚያው ደረቀ።

ሰኞ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ነገሩ በዕርቅ አለቀ አልኩ። ባለሙያዋ ፊቷ ፈካ። «ተመስገን፣ ከዚህ የተሻለ ምን አለ?» አለችኝ። ረቡዕ ግን እንዲሁ ብቅ እንድትል ለመንኳት። ከልቧ ያዘነች ይመስለኛል። «እህቴ፣ አቤቱታ ከሌለ በምን ልምጣ? ታርቀሻል እኮ።»

ረቡዕ ጠዋት ልጄ ቱታውን ከዩኒፎርሙ ሥር ለበሰች። አየሁ። እንዳትለብሺ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። በውስጤም ትንሽ ተስፋ ነበረኝ፤ ዕርቅ የወረደ ዕለት ሰው ልቡ ይራራል፣ ምናልባት መምህሩ ራሱ ይጠራታል አልኩ። ቀኑን ሙሉ የሰፋሁት ስፌት ሁሉ ጠማማ ነበር፣ እየፈታሁ ደገምኩት።

ከሰዓት በኋላ መጣች። ቦርሳዋን አስቀመጠች። ጨርቅ ኳሷ ከመኪናዬ ሥር ነበር፣ አላነሳችውም።

«እንዴት ነበር?» አልኩ፣ ዓይኔን ከመርፌው ሳላነሳ።

«ወንበር ሰጡኝ።»

«ምን?»

«ወንበር። ዳይሬክተሩ ከቢሮው አውጥቶ ራሱ ተሸክሞ አመጣው። የሚደገፉት ዓይነት ነው። ድንጋዩ እንዳይቆረቁረኝ ብሎ ማንጎው ሥር አደረገልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያንቺ ነው አለኝ። ቲቸርም ሳቀልኝ። ልጆቹ አጨበጨቡ።»

«ስምሽንስ?»

ራሷን ነቀነቀች። ከእሷ በፊት ያለችውን ጠራ፣ ከእሷ በኋላ ያለውን ጠራ። ወደ ጓዳ ልትገባ ተነሳችና መጋረጃው ጋ ስትደርስ ቆመች። ያ ሁሉ አፍ ያላት ልጅ ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«እማ፣ ከወንበሩ ብነሳ ጎሜ ነው?»

መኪናዬን አቆምኩ። አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ። ከጠረጴዛው ላይ የደረቀው ሳር ያየኛል፣ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ልጄ መጋረጃውን ይዛ መልሴን ስትጠብቅ ቆየች፤ ከዚያ ገባችና ቱታውን አውልቃ፣ እንደ ሌላ ሰው ልብስ አጥፋ፣ ከሳጥኑ ላይ አስቀመጠችው።